ጅረት ዳር መዋል፣ ከሐዋሳ እስከ ወንዶ ገነት

እኛ የሐዋሳ ሰዎች ውሃ አላጣንም። ሐይቁ ደጃችን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ንፋስ መቀበል፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት የተለመደ ነው። ግን ሐይቅ ዳር ወንበር አለ፣ አስተናጋጅ አለ፣ ፎቶ ላንሳችሁ ባይ አለ። ሐይቁ ራሱም ዝምተኛ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሚወርድ ውሃ ድምፅ እየሰሙ፣ ምንም ሳይሠሩ መዋል ሲያምራችሁ የሚያስፈልጋችሁ ጅረት ነው። ለዚያ ደግሞ ወንዶ ገነት ቅርባችን ናት።

እኔ አቶቴ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ አለ። በዓመት አንዴ ብር እናዋጣና ወንዶ ገነት ጅረት ዳር እንውላለን። ዘንድሮ ዘጠነኛችን ነው። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፤ ትልቁ ድስት እኔ ቤት ስላለ ነገሩ እኔው ላይ ቀረ። በዘጠኝ ዓመት ያልሠራነው ስህተት የለም ብል አላጋነንኩም። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

መቼ ይኬዳል፣ በምን ይኬዳል

ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ውሃው ጠርቷል፣ ግን ገና አልቀጠነም። ሣሩ አረንጓዴ ነው። ጥርም ጥሩ ነው፣ ቅጠሉ ግን አቧራ ይለብሳል። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። ሰው የሚዘነጋው በልጉን ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ሰማዩ ጠዋት ጠርቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። የፋሲካ ሰሞን የሚሄዱ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

እሁድ አትሂዱ። እሁድ የሐዋሳም የሻሸመኔም ሰው ከነድምፅ ማጉያው እዚያ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ከወጣችሁ ቦታ መርጣችሁ ትቀመጣላችሁ።

ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ከዚያ ያነሰ ትሄዳላችሁ። ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ ሻሸመኔ ወርዳችሁ የወንዶን ሚኒባስ መያዝ ነው። ብዙ ከሆናችሁ ግን ኮንትራት ያዙ። ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ የመመለሻውን ሰዓት በቁጥር ተናገሩ። እኛ በሁለተኛው ዓመት «ወደ ማታ ና» ብለን ሰደድነው። እሱ ሻሸመኔ ሌላ ጭነት አግኝቶ ኖሮ የመጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አሥራ አራት ሰው፣ ግማሹ ሕፃን፣ በጨለማ፣ ከትንኝ ጋር። አካባቢው ደግሞ ወባ አያጣውም። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ቀብድ እሰጣለሁ፣ ግማሹን ልክ 10 ሰዓት ሲመጣ። አንዴም አርፍዶ አያውቅም።

ምን ይያዛል

የምግቡ ነገር እኛ ግቢ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ጴንጤ፣ አንዱ ሙስሊም ነው። ሥጋ አንድ ምንጣፍ ላይ እንደማያስማማን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የምንይዘው ዓሣ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ሄጄ ቆሮሶውን አስጠብሼ በወረቀት አስጠቅልላለሁ። ዓሣ በሙቀት ስለሚበላሽ ከ6 ሰዓት ሳያልፍ ይበላል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ የምንሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጅረት ዳር ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም።

ወጥ አትያዙ። በመጀመሪያው ዓመት ምስር ወጥ በድስት ይዤ፣ ክዳኑን በሻሽ አስሬ፣ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። የሻሸመኔ መታጠፊያ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ያን ቀሚስ እስከ ዛሬ አልለበስኩትም። ደረቅ ነገር ያዙ፦ ድፎ ዳቦ፣ ደረቅ ፍርፍር፣ ቆሎ። አቮካዶና ሸንኮራ አገዳ ከቤት አትሸከሙ፤ መንገድ ላይ ታገኛላችሁ፤ የወንዶን ሸንኮራ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል።

የመጠጥ ውሃ ከቤት። ጅረቱ የቱንም ያህል ቢጠራ አፋችሁን ደፍታችሁ አትጠጡ። ተቅማጡ ቢቀር አልቅት አለ። አልቅት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚጣበቅ ነገር ነው፤ የገጠር ሰው ከብቱ ላይ ስለሚያየው ያውቀዋል፣ የከተማ ልጅ ግን ተረት ይመስለዋል።

ሰሌን፣ ቢላ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ፣ ክብሪት፣ ገመድ፣ ለያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ። አንድ የሽንኩርት መረብም ጨምሩ። ያ ቀዩ፣ ነጋዴ ሽንኩርት የሚሞላበት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሰሌኑን ከማንጠፋችሁ በፊት

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ ያየው ጥላ ሥር ሰሌኑን ያነጥፋል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰሌን ሲጎትት ይውላል። እኔ አሁን ዕቃው መኪና ላይ እያለ ብቻዬን ሩብ ሰዓት እዞራለሁ። «ምን ታስሳለች ይቺ ሴትዮ» ይሉኛል፤ ይበሉ።

መጀመሪያ ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥቋጦ አያለሁ። ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ሣር፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ፌስታል ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ውሃው አንድ ቀን እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ማንም እዚያ አልሰቀለውም። ሰሌናችን ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የሚነጠፈው።

ቀጥሎ መሬቱን። የከብት ኮቴ በብዛት ወደ ውሃው የሚወርድበት ቦታ ካለ፣ ያ መንገድ ነው። አንድ ዓመት ሜዳው ለስለስ ያለ ነው ብለን መውረጃው ላይ ተንጣለልን። 8 ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ ከብቶች ከላይ ብቅ አሉ። እረኛው ልጅ አልተቆጣም፤ ቆሞ ጠበቀን። ላሞቹ ግን አልጠበቁም። ጉንዳን ካለም የዚያኑ ያህል ነው፤ በእንጨት ጫር ጫር አድርጋችሁ ትንሽ ቆማችሁ እዩ። ጅረት ዳር ሳማም አይጠፋም፤ ልጆቹ ቁምጣ ከለበሱ ዳር ዳሩን አስሱ።

ከዚያ ጥላውን። ጠዋት የመረጣችሁት ጥላ ከሰዓት ከድቷችሁ ይሄዳል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዞር ጥላው ወደ ምሥራቅ ይወድቃል። ስለዚህ ከዛፉ በስተምሥራቅ ተቀመጡ። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ቢያገኛችሁ ችግር የለውም፣ ለብርዱም ጥሩ ነው፤ በሙቀቱ ሰዓት ግን ጥላ ላይ ናችሁ። ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩንም እዩ። ዛፉ ሾላ ከሆነና ፍሬው ከበሰለ ደግሞ ዝም ብላችሁ እለፉት። ወፉ ሁሉ እዚያ ነው፤ ወፍ በልቶ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። ግን ራቅ ብላችሁ ወደዚያ ሾላ ፊታችሁን አዙሩ። እንደ ቆመጥ ያለ ትልቅ ምንቃር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ይመጣሉ። ሲበሩ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ሄሊኮፕተር መስሎት ነበር።

ቦታው የሰው ማሳ አጠገብ ከሆነ ጠይቁ። እንሰቱም ቡናውም ባለቤት አለው። በኦሮምኛ «አካም» ወይም በሲዳምኛ «ኬሬ» ብሎ ሰላምታ ማቅረብና ትንሽ ዳቦ ማካፈል ብዙ ነገር ያቀላል። እኛን አሁን የሚያውቁን እናት አሉ፤ ስንደርስ ራሳቸው ይቆጡናል፣ «ዘንድሮ ዘገያችሁ» ብለው።

ውሃው ሲለወጥ

በአምስተኛው ዓመት አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዘን ሄድን። ሃያ አራት ጠርሙስ። እንዲቀዘቅዝ ብለን ሳጥኑን ከነጠርሙሱ ውሃው ውስጥ አስቀምጠን በድንጋይ ደገፍነው። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። ከኋላችን ከተራራው በላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አየነው፣ «ሩቅ ነው» አልን።

የመጀመሪያው ምልክት ቀለሙ ነበር። የጠራው ውሃ ቀስ እያለ ወተት የገባበት ሻይ መሰለ። ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። የግቢያችን እማማ፣ ወንዝ ዳር ያደጉ ናቸው፣ ቡናቸውን አስቀምጠው «ልጆቹን ከውሃ አውጡ» አሉ። ጮክ ብለው እንኳን አልነበረም። እኛ ልጆቹን ስንሰበስብ ቅድም የተቀመጥንበት ድንጋይ ጠፋ። ሳጥኑም ሄደ። ባለሱቁ ለጠርሙሱም ለሳጥኑም አስከፈለን፤ ማስያዣችን አልበቃም።

ስለዚህ ልብ በሉ፦ የጅረቱን ውሃ የሚወስነው እናንተ ራስ ላይ ያለው ሰማይ አይደለም፣ ተራራው ላይ ያለው ነው። ቀለሙ ከደፈረሰ፣ ቅጠል ካበዛ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ አትከራከሩ፤ ዕቃ ትታችሁ ልጅ ይዛችሁ ከፍ በሉ። ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ካላችሁ ለመሻገር አይሞክር፤ ውሃው እስኪጎድል እዚያው ይጠብቅ።

መግባት ወይስ አለመግባት

ይሄን ስጽፍ ልጆቼ እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ። ጅረቱ ውስጥ አትዋኙ።

ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ እያለ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን። አልተሻለውም። ደገሙለት። ሰገራው ላይ ደም ሳይ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ሰገራውን መርምረው ቢልሃርዚያ ነው አሉን። በክብደቱ ተለክቶ ፕራዚኳንቴል ዋጠ፣ ዳነ። የጠፋብን ጊዜ ነው የሚያናድደኝ። ማንም «ልጁ የት ውሃ ገባ?» ብሎ አልጠየቀንም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር እንቁላሉ ውሃ ይገባል። ይፈለፈልና ትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ይወጣና ውሃ ውስጥ ያገኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ደቂቃዎች ይበቁታል። በዓይን አይታይም፣ አያምም፣ ቢበዛ ያሳክካል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዝግ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ነው። ልጆች ለመንቦጫረቅ የሚመርጡት ያንኑ ነው፣ ጥልቀት ስለሌለውና ስለሚሞቅ። ፀሐይ ስትጠነክር ደግሞ ተባዩ በብዛት ይወጣል። ከውሃ ወጥቶ በፎጣ መታሸት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሐዋሳ ሐይቅም ከዚህ ነፃ እንዳይመስላችሁ።

የግድ መሻገር ካለባችሁ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ቀድሞውኑ ገብታችሁ ከነበረና ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም የሆድ ቁርጠት ከመጣ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። መታጠብና መንቦጫረቅ ለፈለገ ፍል ውሃው አለ። እኛ ልጆቹን ጠዋት ጅረቱ ዳር ድንጋይ እያስደረደርን እናቆያቸውና ከሰዓት ፍል ውሃው ጋ እንወስዳቸዋለን። ኩርፊያው እዚያ ያበቃል።

የሽንኩርቱ መረብ

ከፍል ውሃው ምንጭ የሚወጣው ውሃ ድንች ያበስላል። ይሄ ለጎብኚ የሚወራ ማጋነኛ አይደለም፤ የአካባቢው ልጆች ድንችና በቆሎ ቀቅለው ይሸጡበታል። እኛ የራሳችንን እንይዛለን። ድንቹ ከነልጣጩ፣ መካከለኛ መካከለኛው ተመርጦ፣ መረቡ ውስጥ ይገባል። አፉ በገመድ ይታሰራል፣ የገመዱ ጫፍ ረጅም እንጨት ላይ። ከዚያ እንጨቱን ይዞ ከሩቅ ማውረድ ነው። ጠርዙ ሙልጭልጭ ስለሚል ልጅ አይጠጋም፤ አዋቂም ቢሆን በነጠላ ጫማ አይቆምም። ምን ያህል ይቆያል ትሉኝ ይሆናል። መረቡን አንስቼ ትልቁን ድንች በቢላ እወጋለሁ፤ ቢላው ሳይታገል ከገባ በቃ። እሸት በቆሎውን ከነሽፋኑ ነው የምንከተው። ልጣጩን ልጣችሁ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ፣ እጃችሁን እያቃጠላችሁ ብሉት። ከዓሣው ይልቅ ሰው ከዓመት ዓመት የሚያወራው ስለዚህ ድንች ነው።

ስኳሩንና ቡናውን

ወንዶ ገነት ጉሬዛም ጦጣም አለ። ጉሬዛ ጨዋ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከላይ ቅጠሉን ይበላል፣ ከእናንተ ምንም አይፈልግም። ጦጣ ግን ሌላ ናት። አንድ ኪሎ ስኳር ከነፌስታሉ ነጥቃን ዛፍ ላይ ወጥታ፣ ቀዳ፣ እላያችን ላይ በትናዋለች። የሚበላ ነገር ሁሉ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ። ልጆቹ ሙዝ እንዳይሰጧት ንገሯቸው። ዛሬ የሰጣችኋትን ነገ ከሌላ ልጅ እጅ ነው የምትነጥቀው።

ቡና ካልተፈላ የግቢያችን እማማ መጣን አይሉም። እንጨት ለቅሞ መሬት ላይ እሳት ማንደድ ግን ትተናል። ደረቅ ቅጠል ባለበት ጫካ ዳር አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። የከሰል ምድጃ ይዘን እንሄዳለን፣ ቅጠሉን ጠርገን ድንጋይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ቡናው ቤት ተቆልቶና ተወቅጦ ይመጣል። ጀበናው በፎጣ ተጠቅልሎ የሚጓዘው እማማ ጭን ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አያምኑም። ሲያበቃ ከሰሉ ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ ሲንሿሿ እስኪያቆም። ከዚያ እጅን አስጠግቶ ሙቀት አለመኖሩን ማየት ነው።

ስትመለሱ

9 ሰዓት ተኩል ላይ መሰብሰብ ጀምሩ። ሁለቱ ማዳበሪያዎች ለቆሻሻ ናቸው። አንዱ ለፌስታል፣ ለጠርሙስና ለወረቀት፤ ሁለተኛው ለሸንኮራው ልጣጭና ለዓሣው አጥንት። የዓሣ አጥንት ጥላችሁ ከሄዳችሁ ጅብና ውሻ ይሰበሰብበታል፤ እነዚያ እናት ጓሮ ላይ ማለት ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ «ውሃው ይወስደዋል» እያሉ ፌስታል ይጥሉ ነበር። ቁጣው አልሠራም። የሠራው መንገዱን መንገር ነው። የወንዶ ጅረቶች ወርደው ጨለለቃ ረግረግ ይገባሉ። ከጨለለቃ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይወጣል። ጥቁር ውሃ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። እዚህ የጣልነው ነገር እኛው ጋ ነው የሚመጣው፣ ዓሣ የምንገዛበት ድረስ። ይሄን ከነገርኳቸው ወዲህ ከእኔ ብሰው የሰው ቆሻሻ ሁሉ ይለቅማሉ፤ አንዳንዴ ማዳበሪያው ሞልቶ መኪና ውስጥ መቀመጫ ይሻማናል።

ከሻሸመኔ ስንመለስ ሐዋሳ መግቢያ ላይ የጥቁር ውሃ ድልድይ አለ። ብዙውን ጊዜ እዚያ ስንደርስ ግማሹ ሰው ተኝቷል። ትንሹ ልጄ ግን መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ያወጣል። ያ የለስላሳ ሳጥን ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። እሱ አሁንም ወደ ውሃው እያየ ይጠይቃል፦ «እማ፣ ኮካችን አለፈች?»